ሁሉም ክሎራይድ ያገኘበት ቀን፦ ያልታወቀ ጨው የመለየት ትምህርት ሲዳሰስ

የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሳለን አንድ ከሰዓት በኋላ ለእያንዳንዳችን ቁጥር የተለጠፈበት ትንሽ ጠርሙስ ታደለን። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ፤ ስሙ የተጻፈው በመምህራችን ደብተር ላይ ብቻ ነው። እኛ «አንኖውን» እንለው ነበር። የእኔ ቁጥር 7 ነው። ዱቄቱን በውሃ አሟምቼ፣ ናይትሪክ አሲድ ጨምሬ፣ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሳደርግበት ቴስት ቲዩቡ እንደ አጓት ደፈረሰ። «ክሎራይድ!» ብዬ ቀና ስል አጠገቤ ያለውም ክሎራይድ አግኝቷል። ከኋላዬ ያለችውም። ሰዓቱ ሲያልቅ ሠላሳ ገደማ የምንሆን ተማሪዎች አንዳችንም ሳንቀር ክሎራይድ ጽፈን ነበር።

መምህራችን ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ምንም ሳይናገሩ አንድ ንጹሕ ቴስት ቲዩብ አነሡ። ሁላችንም ስንቀዳበት ከነበረው ጀሪካን ውሃ ጨመሩበት፤ ውሃ ብቻ፣ ጨው የሚባል የለበትም። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬቱን ጠብ አደረጉ። ደፈረሰ። ለካ ዲስቲልድ ውሃው አልቆ ጀሪካኑ ከቧንቧ ተሞልቶ ኖሯል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎራይድ አያጣም። የእኔ ቁጥር 7 ፖታሲየም ናይትሬት ነበር፤ ክሎራይድ በአጠገቡም አላለፈ።

ማንነቱ ያልታወቀ ኢንኦርጋኒክ ቁስ ለተማሪ ሰጥቶ «ምን እንደሆነ ደርሰህበት ንገረኝ» ማለት፣ በትምህርቱ ስም ኳሊታቲቭ አናሊስስ፣ ዛሬ ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ ሰውን ያከራክራል። ማሽን በደቂቃ ለሚጨርሰው ሥራ ልጆችን ሦስት ሰዓት ማቆም ምን ይሉታል የሚሉ አሉ። ይህ ከቀረ ኬሚስትሪ የጥቁር ሰሌዳ ወሬ ሆኖ ይቀራል የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ። ይሁን እንጂ እነሱ ሊያድኑት የሚፈልጉት ዘዴውን ነው፤ እኔ ደግሞ መዳን ያለበት ጠርሙሱና ያቺ ውሃ ብቻ የያዘች ቴስት ቲዩብ ናቸው ባይ ነኝ።

ነገሩ ሲጀመር የትምህርት ቤት ጉዳይ አልነበረም፤ የገበያ ጉዳይ ነበር። በአንደኛው ምዕተ ዓመት ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ ከመዳብ የሚሠራውን አረንጓዴ ቀለም ነጋዴዎች በብረት ሰልፌት ያጭበረብሩት ነበር። መለያው በኦክ ዛፍ እባጭ ጭማቂ የተነከረ ፓፒረስ ነው፤ ከጠቆረ ብረት አለበት ማለት ነው። ይህ በታሪክ ተጽፎ የምናውቀው የመጀመሪያው የሙከራ ወረቀት ነው ይባላል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ሮበርት ቦይል የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ በአሲድ ሲቀላ በአልካሊ ሲያረነጉድ ተመለከተና ይህንኑ መለያ አደረገው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ስዊድናዊው ቶርበርን በርግማን በኡፕሳላ የማዕድን ውሃዎችን ሲመረምር ሪኤጀንቶቹን (መለያ ኬሚካሎቹን) በቅደም ተከተል አሰናድቶ ሥርዓት አስያዛቸው። ዛሬ ተማሪ የሚያውቀውን መልክ የሰጠው ግን ጀርመናዊው ካርል ሬሚጊዩስ ፍሬዜኒዩስ ነው። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1841 ሲያሳትም ገና 23 ዓመት አልሞላውም፤ ራሱም ተማሪ ነበር። በኋላ ጊሰን ውስጥ የኬሚስቱ የሊቢግ ረዳት ሆነ፤ በ1848 ደግሞ በቪስባደን የራሱን ላቦራቶሪ ከፈተ። መጽሐፉ ተማሪ የጻፈው መሆኑ ይታወቃል፤ የሚያስጨንቀው «አሁን ደግሞ ምን ልጨምር?» የሚለው ጥያቄ ነውና።

ከገበያ ቀጥሎ የመጣው ፍርድ ቤት ነው። በ1832 እንግሊዝ ውስጥ ጆን ቦድል የተባለ ወጣት አያቱን በአርሰኒክ ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ኬሚስቱ ጄምስ ማርሽ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አሳልፎ ቢጫውን የአርሰኒክ ዝቃጭ አገኘ። ችሎቱ እስኪሰየም ድረስ ግን ዝቃጩ ተበላሽቶ ኖሮ ዳኞቹን ሳያሳምን ቀረ፤ ተከሳሹም ነጻ ወጣ። ቆይቶ ራሱ አመነ። ማርሽ በብስጭት ሌላ ዘዴ ፈለገና በ1836 አሳወቀ፤ ዚንክና አሲድ ከናሙናው ጋር ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ በጋለ መስታወት ውስጥ ሲያልፍ አርሰኒክ ካለ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ንጣፍ ይተዋል። አራት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳይ ውስጥ ማሪ ላፋርዥ ባሏን መርዛለች ተብላ ስትከሰስ ይኸው ዘዴ ችሎት ቀረበ። ችግሩ ዘዴው እጅግ ስል መሆኑ ነው። ዚንኩ ራሱ ቅንጣት አርሰኒክ ቢኖርበትስ? የመቃብሩ አፈር ቢኖርበትስ? ስለዚህ ታዋቂው የመርዝ ሊቅ ኦርፊላ ተጠርቶ ሲመጣ በሬሳው ውስጥ አርሰኒክ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ አርሰኒኩ ከሪኤጀንቶቹም ሆነ ከአስከሬን ሳጥኑ ዙሪያ ካለው አፈር አለመምጣቱንም ለማሳየት ተነሣ። እኛ ያለ ምንም ጥርጣሬ «ክሎራይድ» ብለን የጻፍነው ኦርፊላ የጠየቀውን ሳንጠይቅ ነበር።

ወደ ዘዴው እንግባ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሃያ ያህል ካታዮኖች (ፖዘቲቭ አዮኖች) ተቀላቅለዋል እንበል። ማንኛቸውንም በቀጥታ መጠየቅ አይቻልም፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ወንፊት ይደረደራል። የመጀመሪያው ወንፊት ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ብር፣ እርሳስና አንደኛው ዓይነት ሜርኩሪ ነጭ ሆነው ይዘቅጣሉ፤ ሌላው ሁሉ ያልፋል። የተጣራው ውሃ ላይ፣ አሲዱ እንዳለ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቀቅበታል፤ መዳብ ጥቁር፣ ካድሚየምና አርሰኒክ ቢጫ፣ አንቲሞኒ ብርቱካናማ ሆነው ይወርዳሉ፤ ቢስመዝ፣ ቆርቆሮና ሁለተኛው ሜርኩሪም እዚሁ ናቸው። ቀጥሎ አሞኒያ ከአሞኒየም ክሎራይድ ጋር፤ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ክሮሚየም። ከዚያ እንደገና ያው ሰልፋይድ፣ አሁን ግን በአልካሊ ውስጥ፤ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ ኮባልት። ከዚያ አሞኒየም ካርቦኔት፤ ባሪየም፣ ስትሮንሺየም፣ ካልሲየም። ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና አሞኒየም በስተመጨረሻ ብርጭቆው ውስጥ ይቀራሉ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያምረኝ ሰልፋይዱ ሁለት ጊዜ መምጣቱ ነው። ሪኤጀንቱ አንድ ነው፤ ወንፊቱ ግን ሁለት። አሲድ ባለበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰልፋይዱን ጨብጦ ይይዛል፤ የሚለቀው ከቁጥር የማይገባ ነው። መዳብ ለዚያችም ቢሆን ይወርዳል፤ የመዳብ ሰልፋይድ በውሃ መሟሟት አያውቅምና። ዚንክ ግን ያቺ አትበቃውም። አሲዱ ሲወገድ ሰልፋይዱ በዝቶ ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ዚንክም ተራው ይደርሳል። ማለትም አሲዱ የወንፊቱን ቀዳዳ ያሰፋዋል፣ አልካሊው ያጠብበዋል። ሶሉቢሊቲ ፕሮዳክት የሚባለውን ቀመር ለፈተና ስንሸመድድ ኖረን፣ ዓይናችን እያየ ሲሠራ የምናገኘው እዚህ ላይ ነው።

ወጥመዶቹ ደግሞ ሌላ ትምህርት ናቸው። እርሳስ ሁለት በር ያንኳኳል፤ ክሎራይዱ በቀዝቃዛ ውሃም በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 1 ግራም ገደማ ስለሚሟሟ ከመጀመሪያው ወንፊት አምልጦ በሁለተኛው ይታያል። ሳያውቅ የሄደ ተማሪ እርሳስን ቢስመዝ ሲያደርገው ይውላል። አሞኒየም ክሎራይዱን የረሳ፣ ማግኒዥየም ያለ ቦታው ከነብረት ይወርድበታል። ፎስፌት ካለ ደግሞ ካልሲየምና ባሪየም ሰልፋቸውን ጥሰው ከአሉሚኒየም ጋር ይዘቅጣሉ። አሞኒየምንም መጨረሻ ላይ ፈልጎ አገኘሁ የሚል ተማሪ አለ፤ በመንገድ ላይ ራሱ ሦስት ጊዜ እንደጨመረው ረስቶ! አሞኒየም የሚፈለገው ምንም ካልተነካው ከመጀመሪያው ጠርሙስ ነው። ከጀሪካኑ ታሪክ ጋር አንድ ነው፤ ያገኘኸው ነገር ካንተው እጅ የመጣ አለመሆኑን ማረጋገጥ።

የሙከራ ውጤቶቹ ሰንጠረዥ «ነጭ ዝቃጭ» ይላል። ይህ ቃል እንዴት ያለ አሳሳች ቃል ነው! ሲልቨር ክሎራይድ ነጭ ነው፤ ሲነቀነቅ ግን እንደ አይብ ይረጋል፣ ብርሃን ሲያገኘውም እየጠየመ ይሄዳል። ባሪየም ሰልፌት ነጭ ነው፤ ግን ልሙ የኖራ ዱቄት ነው፣ በፊልተር ፔፐር እንኳ ሾልኮ ያልፋል። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድም ነጭ ተብሎ ተጽፏል፤ ቴስት ቲዩቡን ስታየው ግን የተልባ ልጋግ የመሰለ፣ አለ ለማለትም የለም ለማለትም የሚያስቸግር ነገር ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ያየው «ምንም የለም» ይላል፤ ጥቁር እጅጌው ላይ አስጠግቶ ያየው ያገኘዋል። ከዚያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲበዛበት ይሟሟል፤ ዚንክም እንደዚሁ። ሁለቱን የሚለያቸው አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ሲበዛ ዚንክ ይሟሟል፣ አሉሚኒየም አይነቃነቅም። ባለ ሁለት ቻርጁ ብረት ቆሻሻ አረንጓዴ ሆኖ ይወርድና አየር የሚያገኘው አናቱ ትንሽ ቆይቶ ዝገት ይመስላል፤ ሰንጠረዡን ብቻ ያነበበ ተማሪ ግን «ሁለት ካታዮን አለ» ብሎ ይጽፋል። አይብ፣ ኖራ፣ ተልባ የሚሉትን ቃላት ያገኘሁት ከላቦራቶሪ ማንዋል አይደለም። ተማሪው ያየውን በገዛ ቋንቋው እንዲጽፍ ቢፈቀድለት ሰንጠረዡ የማያውቀውን ያስተውላል ብዬ አምናለሁ።

የወንፊቱ ነገር የልጆች ጨዋታ ነው ለሚሉ የክሌመንስ ቪንክለርን ታሪክ ልንገራቸው። በጀርመን ፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ አስተማሪ ነበር። አርጊሮዳይት የተባለ አዲስ ማዕድን ተሰጠውና መረመረው፤ ብሩ ወደ 75 በመቶ፣ ድኙ 17 በመቶ፣ ከዚያ ጥቂት የጥቂት ጥቂት። ሲደመር 93 ገደማ። ደግሞ ሠራው፤ ያው ነው። 7 በመቶ ያህል የት ገባ? ሌላው ሰው የሚዛን ስሕተት ነው ብሎ ባለፈው ነበር። ቪንክለር ግን ለወራት ሲቆፍር ከርሞ እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1886 የሰልፋይዱን ሙሙት በብዙ አሲድ ቢመታው ነጭ ዝቃጭ ወረደለት። በተለመደው መጠን አሲድ ሳይዘቅጥ ሲያመልጠው የነበረ ንጥረ ነገር ነው፤ ጀርማኒየም ብሎ ሰየመው። ሩሲያዊው ሜንዴሌዬቭ ከ15 ዓመት በፊት በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ ላይ ቦታውን ክፍት ትቶለት የአቶም ክብደቱን 72 ገምቶ ነበር፤ ቪንክለር ያገኘው 72.3 ነው። ይህ ሰው የተጠቀመበት ሁሉ በዘመኑ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ የነበረ ነው። ለግኝቱ ያበቃው ድምሩ 93 ላይ ሲቆም እንቢ ማለቱ ነው።

ስለ ነበልባል ሙከራ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ይወደዋል፣ ሁሉም ይሳሳትበታል። ስትሮንሺየም ደማቅ ቀይ፣ ካልሲየም ሸክላማ፣ ባሪየም የፖም አረንጓዴ፣ ፖታሲየም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ ሶዲየም ሌላውን ሁሉ የሚሸፍን ቢጫ። ሽቦውን በጣት መንካት ብቻ ለሶዲየም ይበቃል፤ ላባችን ጨው ነውና። ፖታሲየምን ለማየት በሰማያዊ የኮባልት መስታወት ቢጫውን መጋረድ ያስፈልጋል። ጀርመናውያኑ ቡንሰንና ኪርሆፍ መስታወቱን በፕሪዝም ተኩት፤ ብርሃኑ ወደ መስመሮች ተበተነ፤ በ1860 ከዱርክሃይም የማዕድን ውሃ ሁለት የማይታወቁ ሰማያዊ መስመሮች ብቅ አሉ። ሲዚየም ነው። የሲዚየምን ጨው ለማግኘት ቡንሰን ከ40 ቶን በላይ ውሃ አትንኗል፤ ያገኘው ጥቂት ግራም ነው።

አናዮኖች (ኔጋቲቭ አዮኖቹ) ደግሞ በአንድ ወንፊት አይገዙም፤ እያንዳንዱን በተናጠል መጠየቅ ነው። ይህ ክፍል በመጻሕፍት ደረቅ ነው፤ በአገራችን ቁስ ቢሰጥ ግን ሌላ ይሆን ነበር። ማዳበሪያን እንውሰድ። ገበሬው ለብዙ ዘመን የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያን ነው፤ ኋላ ደግሞ ኤንፒኤስ የዳፕን ቦታ ያዘ። የሦስቱም ከረጢት ጽሑፉ ጠፍቶ ተፈጭተው በሦስት ጠርሙስ ቀረቡ እንበል። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ቆንጠር አድርጎ ከእርጥብ ኖራ ጋር ማሸት፤ እርጥብ ቀይ ሊትመስ ከላይ መያዝ። ዳፕና ኤንፒኤስ ወዲያው አሞኒያ ይሸታሉ፣ ወረቀቱም ሰማያዊ ይሆናል። ዩሪያ ዝም ይላል። የሚገርመው ናይትሮጅን የሚበዛው በዩሪያ ነው፤ 46 በመቶ፤ በዳፕ ግን 18 ብቻ። ናይትሮጅን መኖሩና አሞኒየም መኖሩ አንድ እንዳልሆነ ተማሪው በአፍንጫው ይማራል።

አሁን ሁለቱን መለየት ነው። በኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ድኝ በሰልፌት መልክ ነው፤ ስለዚህ ባሪየም ክሎራይድ ይጨመራል። ወዮ! ሁለቱም ነጭ ሆኑ። ችኩሉ ተማሪ ሁለቱም ሰልፌት ናቸው ብሎ ይዘጋዋል። በሁለቱም ውስጥ ያለው ፎስፌትም ከባሪየም ጋር ይዘቅጣላ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመር የዳፑ ይጠራል፣ የኤንፒኤሱ እንዳለ ይቀራል። በመጽሐፍ ላይ «አሲድ ባለበት» የምትለዋ፣ ተማሪ ሁሉ የሚዘላት ሐረግ የምትሠራው ይህንን ነው። ግን ደግሞ ከፋብሪካ የወጣ ዳፕ ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ የሰልፌት ቅሬታ ስላለበት ቀጭን ጭጋግ ሊቀር ይችላል። ጭጋግና ዝቃጭን የሚለየው ማንነቱ የታወቀ ናሙና ጎን ለጎን ማድረግ ነው። ባሪየም መርዝ መሆኑን ሳይነግሩ ይህን ሙከራ ማሠራት ግን ነውር ነው።

ነገሩ ወደ ማእድ ቤትም ይዘልቃል። የአገራችን የገበታ ጨው አዮዲን የሚጨመርበት በፖታሲየም አዮዴት መልክ ነው፤ ስታርች፣ አዮዳይድና አሲድ ያለበት ጠብታ ጨው ላይ ሲያርፍ ሰማያዊ ይሆናል። በአንድ ጠብታ መለየትን ትልቅ ሙያ ያደረገው የቪየናው ፍሪትዝ ፋይግል ነው፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ተሰድዶ በመጨረሻ ብራዚል ገብቶ ሥራውን ቀጠለ። ከእሱ በፊት ሩሲያዊው ቹጋዬቭ በ1905 ዳይሜቲልግላዮክሲም ከኒኬል ጋር ሲገናኝ እንጆሪ የመሰለ ቀይ እንደሚሰጥ አግኝቶ ነበር። ያን ቀይ አንዴ ያየ አይረሳውም።

የተቃዋሚዎቹን ወገን ቀለል አድርጌ ማየት አልፈልግም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ የሚያስፈራው ግን ሽታው ሲጠፋ ነው፤ መጠኑ በሚሊዮን 100 ገደማ ሲደርስ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሰው «አለፈ» ሲል ጋዙ እየበዛ ነው። ጭስ ማውጫ በሌለው ክፍል ይህን ጋዝ መልቀቅ አይገባም። በምትኩ የመጣው ታዮአሴታማይድም ካንሰር አምጪ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና ክሮሜት ደግሞ በየሳምንቱ ወደ ሲንክ ሲደፉ የት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንጠይቅም እንጂ። በዚህ ላይ ሙሉው የፍሬዜኒዩስ ጎዳና ሳምንታት ይፈጃል። ይህንን ሁሉ አምናለሁ፤ ሰልፋይዱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይውጣ፣ አመክንዮው በወረቀት ይቅር።

የማሽኑን ክርክር ግን እንዲሁ አልቀበለውም። ዛሬ ሽጉጥ የመሰለ የኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ አለ፤ እንግሊዛዊው ሞዝሊ በ1913 ባገኘው ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ ወደ ናሙናው ሲያነጣጥሩት ንጥረ ነገሮቹን በሰከንዶች ይዘረዝራል። አሞኒየምን ግን አያይም፤ ናይትሬትን ከናይትራይት አይለይም፤ ዝገትን ከአረንጓዴው የብረት ጨው አይለይም፤ ለእሱ ሁለቱም «ብረት» ናቸው። የሚያየውም ቆዳን ነው፤ ወርቅ ከሆነ ከገጹ ጥቂት ማይክሮሜትር አያልፍም። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ መገኘቱ በዓለም ዜና ማሰራጫዎች ሲነገር ሰምተናል። እንዲህ ላለው ነገር ሚዛንና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃሉ፤ ወርቅ ከእኩል መጠን ውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ብረት 8 አይሞላም። መሣሪያው መልስ ይሰጣል፤ የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ ማወቅ የሰውየው ሥራ ነው።

ሌሎች እንዴት ያስተምሩታል? ሕንድ ውስጥ በ12ኛ ክፍል የተግባር ፈተና ተማሪው አንድ ካታዮንና አንድ አናዮን ያለው ጨው ይሰጠዋል። መልካም ነው፤ ግን ውጤቱ በስሙ ላይ ስለሚያተኩር ልጆቹ በመልኩና በሽታው መገመትን ይለምዳሉ። የካምብሪጅ ፈተና ብልኃት ይበልጥ ይጥመኛል፤ የሙከራዎቹን ሰንጠረዥ ከፈተና ወረቀቱ ጀርባ ራሱ አትሞ ይሰጣል። መሸምደድ አያስፈልግም። ነጥብ የሚያሰጠው ያየኸው ነው፤ «ጥርት ያለ» እና «ቀለም የለሽ» ብለህ ካምታታህ ነጥቡ ይቀርብሃል፤ የመዳብ ሰልፌት ጥርት ያለ ነው፣ ሰማያዊም ነው።

እኛ ዘንድ በተቃራኒው ሰንጠረዡ ይሸመደዳል፤ ጨውን የነካ ጥቂት ነው። የመልቀቂያ ፈተናው ምርጫ ነው፤ «ከሲልቨር ናይትሬት ጋር ነጭ ዝቃጭ የሚሰጠው የቱ ነው?» ሐ ብሎ ማጥቆር ይበቃል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ሲገባ ሙከራው ወደ ስክሪን ወጣ፤ ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር የሚሠራ ምስለ ላቦራቶሪ ይመከራል። ከምንም ይሻላል። ሆኖም በስክሪን ላይ ዲስቲልድ ውሃ አያልቅም፣ ጣት አያልብም፣ ብረቱም አናቱ ላይ አይዝግም፤ ተማሪው ስሕተት ከየት እንደሚመጣ የሚማርበት በር ተዘግቷል።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያትም እንደሚባለው ያህል አይከብድም። በደቡብ አፍሪካ የዊትስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ብራድሊና ባልደረቦቹ በዩኔስኮ ድጋፍ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፉት የማይክሮ ኬሚስትሪ ሣጥን ከምሳ ዕቃ አይበልጥም፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ፕላስቲክ ላይ በጠብታ ይሠራል፤ ለአንድ ክፍል የሚፈጀው ሲልቨር ናይትሬት በድሮው ዘዴ ለአንድ ተማሪ ከሚፈጀው ብዙም አይርቅም። እሱም ከጠፋ የክኒን ማሸጊያ አለ፤ ክኒኑ ከወጣ በኋላ እያንዳንዷ ጉድጓድ አንድ ቴስት ቲዩብ ናት። ከሥሯ ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን ጥቁር ወረቀት ማንጠፍ፤ የተልባው ልጋግ ያኔ አይጠፋም። ሁለት ሪኤጀንት ብቻ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና አሞኒያ፣ ብረትን በሁለት መልኩ፣ መዳብን፣ ዚንክን፣ አሉሚኒየምንና ማግኒዥየምን ይለያሉ። ለሁለተኛ ደረጃ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ካርቦኔትን ለመያዝ ሆምጣጤና የኖራ ውሃ ይበቃሉ፤ አሲድና ቤዝ ለመለየት ከርከዴ አለ፤ ቦይል በቫዮሌት ካደረገው አያንስም።

እንግዲህ የምለው ለመምህራን ነው። ለአንድ ክፍል አንድ ማሳያ ከምታደርጉ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁጥር ያለበት ናሙና ስጡት፤ ትንሽ ይሁን። ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፉለት። መጀመሪያ ያየውን በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ስሙን በኋላ። ውሃ ብቻ ያለባት ጉድጓድና የታወቀ ጨው ያለባት ጉድጓድ ከጎኗ ሳይኖሩ የመጣን መልስ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ግማሽ ነጥብ ስጡት። ከሁሉ በፊት ግን፣ ልጆቹ ከመግባታቸው ቀደም ብላችሁ ከጀሪካኑ ጥቂት ቅዱና ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጉበት።